የአንባብያን ጥያቄዎች፦ አሜሪካውያን ስለ ጽንስ ማቋረጥ ምን ይላሉ? አኃዙስ እንዴት ይነበባል?

ጽንስ ማቋረጥን ስለሚመለከቱ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችና ስለ አሜሪካ ምርጫ ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ የሚቀራረቡትን ሰብስበን መልሰናል። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ «ዓ.ም.» ብለንበታል። ጉዳዩ በሃይማኖትም በሕግም የሚያከራክር መሆኑን እናውቃለን። እዚህ የምንመልሰው ግን የሰዉ አስተያየት እንዴት እንደሚለካና የት ላይ እንደሚያሳስት ብቻ ነው። ከታች ደጋግመው የሚነሱት ጋለፕና ፒው የሕዝብ አስተያየት የሚያጠኑ የአሜሪካ ድርጅቶች ናቸው።

«ጋለፕ ‹ያለምንም ገደብ ይፈቀድ› የሚለው ሰው ከመቶ 35 ብቻ ነው ይላል። ፒው የተባለው ደግሞ ይፈቀድ የሚሉት 63 ናቸው ይላል። ሌላ ቦታ ‹ፕሮ ላይፍ› ነን የሚሉት ከመቶ 41 ናቸው የሚል አነበብኩ። ከሦስቱ የሚዋሸው የትኛው ነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የዋሸ የለም። ሦስቱ አኃዞች የሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ናቸው።

ጋለፕ ከ1975 ጀምሮ የሚጠይቀው ጥያቄ ሦስት ምርጫ አለው፦ በማንኛውም ሁኔታ ሕጋዊ ይሁን፣ በተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ሕጋዊ ይሁን፣ በሁሉም ሁኔታ ሕገ ወጥ ይሁን። በ2024 መልሱ በቅደም ተከተል 35፣ 50 እና 12 በመቶ ነበር። ፒው ግን አራት ምርጫ ይሰጣል፦ በሁሉም ሁኔታ ሕጋዊ፣ በአብዛኛው ሕጋዊ፣ በአብዛኛው ሕገ ወጥ፣ በሁሉም ሁኔታ ሕገ ወጥ። በዚያው ዓመት ያገኘው 25፣ 38፣ 28 እና 8 ነው። እርስዎ ያዩት 63 የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተደምረው የመጣ ነው።

ጣጣው ያለው ጋለፕ መካከል ላይ ባስቀመጠው ምርጫ ነው። «በተወሰኑ ሁኔታዎች» ካሉት ሰዎች አንዱ እስከ አምስተኛው ወር ድረስ ይፈቀድ የሚል፣ ሌላው እናቲቱ ልትሞት ካልሆነ በቀር አይሆንም የሚል ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በፖለቲካ የማይገናኙ ሰዎች ሆነው ሳለ በአንድ ሳጥን ይቆጠራሉ። ስለዚህ አንዱ ወገን 35ን ከ50 ደምሮ «85 በመቶው ይፈቀድ ይላል» ሲል፣ ሌላው 50ን ከ12 ደምሮ «62 በመቶው ገደብ ይደረግ ይላል» ይላል። የሁለቱም ሒሳብ ትክክል ነው። ጋለፕ ራሱ ችግሩን ስለሚያውቅ መካከለኛውን የመረጡትን «በአብዛኛው ሁኔታ ነው ወይስ በጥቂቱ ብቻ?» ብሎ ይከታተላቸዋል፤ ዜናው ግን ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

«ፕሮ ላይፍ» (ለጽንሱ ሕይወት የቆመ) እና «ፕሮ ቾይስ» (ለሴቲቱ ምርጫ የቆመ) የሚለው የጋለፕ ጥያቄ ደግሞ ስለ ሕጉ አይጠይቅም፤ ራስህን ምን ብለህ ትጠራለህ ነው የሚለው። በ1995 «ፕሮ ቾይስ» 56፣ «ፕሮ ላይፍ» 33 ነበር። በሜይ 2009 ተገልብጦ «ፕሮ ላይፍ» 51፣ «ፕሮ ቾይስ» 42 ሆነ። በ2024 «ፕሮ ቾይስ» 54፣ «ፕሮ ላይፍ» 41 ነው። ለራሱ ባለቤቱ ብትጠይቀው እሺ የማይል፣ በጎረቤቱ ጉዳይ ግን መንግሥት አይግባ የሚል ሰው ብዙ አለ። ፒው በ2022 ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ለየብቻ አቅርቦ ነበር፤ አንዱ ሕይወት የሚጀምረው ከተጸነሰበት ጊዜ ስለሆነ ጽንሱ መብት አለው የሚል፣ ሌላው ውሳኔው የነፍሰ ጡሯ ብቻ ነው የሚል። ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ሁለቱም አስተያየቴን ይገልጻሉ ብሏል። አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ እንዲህ ያለውን ሰው ወደ አንዱ ጎን መግፋቱ አይቀርም።

ጊዜ ሲጨመርበት ደግሞ መልሱ በጣም ይለወጣል። በ2023 ጋለፕ በሦስት በሦስት ወር ከፍሎ ሲጠይቅ በመጀመሪያው ሦስት ወር ሕጋዊ ይሁን ያሉት 69፣ በሁለተኛው 37፣ በመጨረሻው 22 በመቶ ነበሩ። በዚህ የተነሳ አንድ እጩ «ሕዝቡ ከእኔ ጋር ነው» ሲል ስለ የትኛው ወር እንደሚናገር መጠየቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል የ2021 መረጃ እንደሚያሳየው ከጽንስ ማቋረጦች 93 በመቶ ያህሉ እስከ 13ኛው ሳምንት ያሉ ናቸው፤ ከ21ኛው ሳምንት ጀምሮ ያሉት 1 በመቶ አይሞሉም። ክርክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በዚያች አንድ በመቶ ላይ ነው።

በእኛ ግምት ከሁሉም የተሻለው መለኪያ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው የጥናት ማዕከል ኖርክ ከ1972 ጀምሮ የሚያካሂደው ጠቅላላ የማኅበራዊ ጥናት ነው። «ትደግፋለህ?» ብሎ በጅምላ አይጠይቅም፤ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ ያነሳል፦ የሴቲቱ ጤና ክፉኛ አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ተደፍራ ስትጸንስ፣ ጽንሱ ከባድ ጉድለት ሲኖረው፣ ቤተሰቡ ድሃ ሆኖ ሌላ ልጅ ማሳደግ ሲያቅተው፣ ያላገባች ሆና ሰውየውን ማግባት ሳትፈልግ፣ አግብታ ሌላ ልጅ ሳትፈልግ፤ ከ1977 ወዲህ ደግሞ በማንኛውም ምክንያት። ጤናን በሚመለከተው ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ፣ በአስገድዶ መድፈር ከአሥር ስምንት ያህሉ ይፈቀድ ሲሉ፣ ድህነትና «ማንኛውም ምክንያት» ላይ ሲደረስ ሕዝቡ ለሁለት ይከፈላል።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ሮ ቪ ዌድ መሻሩን ትደግፋለህ?» የሚለው ጥያቄ መላሹ በ1973 ጽንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ መብት ያደረገውን ይህን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያውቀዋል ብሎ ይነሳል። ውሳኔው 40 ዓመት በሞላበት በ2013 ፒው ሲጠይቅ ስለ ጽንስ ማቋረጥ መሆኑን ያወቁት 62 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ30 ዓመት በታች ካሉት ደግሞ 44 በመቶ። በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዶብስ ጉዳይ ሲሽረው ሁሉም ሰው ሰማ፤ ከዚያ በፊት የተሰበሰበውን መልስ ግን በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

«በ2024 እኛ ኔቫዳ ውስጥ የጽንስ ማቋረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ ይግባ የሚለው ጥያቄ ቁጥር 6 በሰፊው አለፈ። በዚያው ቀን ትራምፕም ግዛቱን አሸነፉ። ጉዳዩ ምርጫውን ይወስናል ሲባል አልነበረም? አሁንስ ነገሩ አለቀ ማለት ነው?» (ከላስ ቬጋስ)

ጥያቄ 6 ወደ 64 በመቶ፣ ትራምፕ ወደ 51 በመቶ አገኙ። ሁለቱን ሲደምሩ 115 ይሆናል። በሁለቱም ላይ ድምፅ የሰጠው ሰው ቁጥር ያው ነው ብለን ብናስብ፣ ቢያንስ ከመቶ 15 መራጭ ሁለቱንም መርጧል ማለት ነው፤ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ሊበልጥ ይችላል እንጂ አያንስም። በአሪዞና ተመሳሳይ ሐሳብ 61.6፣ ትራምፕ 52.2 በመቶ አገኙ። በሚዙሪ 51.6 እና 58.5 ነበር። ይህን መደመር የሞባይል ካልኩሌተር ይበቃዋል፤ ከብዙ የቴሌቪዥን ትንታኔም የተሻለ ይናገራል።

ጥናቶቹ አልተሳሳቱም፤ የተደባለቀው አስተያየትና ክብደት ነው። አንድ ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ ምን ያስባል የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እጩ ሲመርጥ ያ ጉዳይ ስንተኛ ላይ ነው የሚለው ሌላ ነው። በ2022 ኤዲሰን የተባለው ድርጅት የምርጫ መውጫ ጥናት (መራጩ ድምፅ ሰጥቶ ሲወጣ የሚጠየቅበት) «ከሁሉ በላይ ያሳሰበህ ምንድን ነው?» ሲል 31 በመቶው የዋጋ ንረት፣ 27 በመቶው ጽንስ ማቋረጥ ብለው ነበር። በ2024 ግን ዴሞክራሲ 34፣ ኢኮኖሚ 32፣ ጽንስ ማቋረጥ 14 ሆነ። በዚያ ላይ ትራምፕ በኤፕሪል 2024 ጉዳዩ ለየግዛቶቹ ይተው ብለው ነበር። የግዛቱ ጥያቄ ለብቻው ወረቀቱ ላይ ሲቀርብ መራጩ መብቱን በአንዱ መስመር አስከብሮ፣ የዘይትና የቤት ኪራይ ብሶቱን በሌላው መስመር ለመናገር ዕድል አገኘ።

አለቀ ወይ ላሉት፣ ጥያቄ 6 በ2024 ድምፅ ብቻ አይጸናም። በኔቫዳ በሕዝብ ፊርማ የሚቀርብ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በሁለት ተከታታይ አጠቃላይ ምርጫዎች ማለፍ ስላለበት ሁለተኛው ድምፅ የኖቬምበር 2026 ነው። እስከዚያው የሚሠራው እስከ 24ኛው ሳምንት የሚፈቅደው ሕግ ነው፤ መራጩ በ1990 ስላጸደቀው የግዛቱ ምክር ቤት ያለ ሕዝብ ድምፅ ሊነካው አይችልም።

የማለፊያውን ልክም ሁልጊዜ ይመልከቱ። በፍሎሪዳ የጽንስ ማቋረጥ መብትን የሚመለከተው ማሻሻያ 4 ወደ 57 በመቶ አግኝቶ ወደቀ፤ የሚያስፈልገው 60 ነበርና። በዚያው ቀን ትራምፕ በፍሎሪዳ ያገኙት ወደ 56 በመቶ ነው። በኦሃዮ ኦገስት 2023 ልኩን ከግማሽ ወደ 60 ለማሳደግ የቀረበውን ሐሳብ 57 በመቶው ውድቅ አደረገው፤ በኖቬምበር የጽንስ ማቋረጥ መብት ማሻሻያው ራሱ በ57 በመቶ ገደማ አለፈ። የኦገስቱ ቢያልፍ ኖሮ የኖቬምበሩ ይወድቅ ነበር።

«ከመጣሁ ጀምሮ ስልክ ደውሎ አስተያየቴን የጠየቀኝ የለም። አንድ ሺህ ሰው ጠይቀው ስለ አገሩ ሁሉ መናገር እንዴት ይችላሉ?» (ከዳላስ)

ከ260 ሚሊዮን በላይ አዋቂ ባለበት አገር አንድ ሺህ ሰው በተጠየቀ ቁጥር እርስዎ የመመረጥ ዕድልዎ ከሩብ ሚሊዮን አንድ ነው። ስለዚህ አለመጠየቅዎ አያስገርምም።

የሺህ ሰው ናሙና የስሕተት ኅዳግ፣ ማለትም ውጤቱ በዕጣው ምክንያት ከእውነተኛው ቁጥር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊርቅ የሚችልበት ልክ፣ ወደ ±3.1 ነጥብ ነው። በ400 ሰው ±4.9፣ በ2,400 ደግሞ ±2 ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 98ን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ያካፍሉ። የአገሩ ሕዝብ ብዛት በስሌቱ ውስጥ የለም፤ ናሙናው በዕጣ የተመረጠ መሆኑ ነው ወሳኙ። ጋዜጣ ላይ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ ሁለት እጩዎች 48 ለ45 ሲሆኑ የልዩነታቸው ኅዳግ ±3 ሳይሆን ወደ ±6 ነው። ሁለተኛ፣ ከሺህ ሰው ውስጥ ስለ አንድ ትንሽ ክፍል ሲወራ ኅዳጉ ይሰፋል፤ 65 ሰው ካለበት ±12 ይደርሳል። ሦስተኛ፣ ኅዳጉ የዕጣውን ስሕተት ብቻ ነው የሚለካው፤ የጥያቄ አጻጻፍንና ያልመለሰውን ሰው አይለካም።

ዋናው ራስ ምታት ያልመለሰው ነው። በፒው የስልክ ጥናቶች በ1997 ከመቶ 36 ሰው ይመልስ ነበር፤ በ2018 ወደ 6 ወረደ። የሚመልሰው ደግሞ የተማረውና ፖለቲካ የሚከታተለው ይበዛል። ለምሳሌ ከአዋቂው 35 በመቶ ዲግሪ ያለው ሆኖ በናሙናው ውስጥ 50 በመቶ ከሆነ፣ ዲግሪ ያለው እያንዳንዱ መልስ በ0.7፣ የሌለው በ1.3 ይባዛል። በ2016 ብዙ የግዛት ጥናቶች በዕድሜና በዘር እያስተካከሉ ትምህርትን ስለተዉ ክሊንተን ከሚገባቸው በላይ ሲመሩ ታዩ። ይህ ማባዛት ነጻ አይደለም፤ በተለመደው ልክ ሲደረግ የሺህ ሰው ኅዳግ ከ3.1 ወደ 3.8 ገደማ ይወጣል።

ፒው አሁን በስልክ ፈንታ ከፖስታ አድራሻ በዕጣ መርጦ ደብዳቤ እየላከ አባል ያደረጋቸውን ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች በኢንተርኔት ይጠይቃል። ይህ በማስታወቂያ ተስበው፣ ለነጥብ ወይም ለሽልማት ሲሉ ከሚሞሉት የተለየ ነው። በእነዚያ ላይ ፒው ፈተና አድርጎ ነበር፤ ከ30 ዓመት በታች ካሉት መላሾች 12 በመቶው የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ የማንቀሳቀስ ፈቃድ አለን አሉ! ሳያነቡ «አዎ» የሚጫኑ ስለሆኑ ነው። ስለ ጽንስ ማቋረጥ ሲጠየቁም እንደዚያው ነው የሚጫኑት።

አንድ ነገር ለስደተኛው፦ «አዋቂዎች» በሚል የሚወጣ ጥናት ግሪን ካርድ ያለውንም ያካትታል። «የተመዘገቡ መራጮች» እና «ይመርጣሉ ተብለው የሚገመቱ» የሚሉት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሁለት ጥናት ከማወዳደርዎ በፊት ይህን ይዩ።

«በቴሌግራም ‹የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን ይህን ያህል በመቶ ጽንስ ማቋረጥን ይቃወማሉ› የሚል ምስል ይዞራል። እውነት ነው?» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አይመኑት። በሺህ ሰው የአገር ጥናት ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያ አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው፤ እሱም «ጥቁር» በሚለው ውስጥ ይቆጠራል። አብዛኞቹ ጥናቶች በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ስለሚካሄዱ በአማርኛ ብቻ የሚናገሩ እናት ከጅምሩ ውጭ ናቸው። ካይዘር የተባለው የጤና ጥናት ድርጅት ከሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋር በ2023 ስደተኞችን ብቻ ሲጠይቅ እንኳ መጠይቁ በአሥር ቋንቋ ነበር፤ አማርኛ አልነበረበትም።

«ኦርቶዶክስ» ተብሎ የሚወጣውም አይረዳም። በፒው የ2014 ትልቁ የሃይማኖት ጥናት ከኦርቶዶክሶች 53 በመቶው በሁሉም ወይም በአብዛኛው ሁኔታ ይፈቀድ ብሏል። ግን እነዚህ 200 የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ ግሪኩ፣ ሩሲያዊውና ሌላውም አንድ ላይ አለበት። ስለ ተዋሕዶ ምእመናን የሚነግረን ነገር የለም።

«ካንሳስ በ2022 ምን ነካት? ከምርጫው በፊት የወጣው ጥናት ሌላ ነበር።» (ከዴንቨር)

ድምፁ የተሰጠው የጽንስ ማቋረጥ መብት ከግዛቱ ሕገ መንግሥት ይውጣ በሚል ማሻሻያ ላይ ነበር። ከድምፁ በፊት የወጣ አንድ ጥናት «አዎ» 47፣ «አይ» 43 ብሎ ነበር። ኦገስት 2 ውጤቱ «አይ» 59፣ «አዎ» 41 ሆነ፤ ያውም ትራምፕ በ2020 በ15 ነጥብ ገደማ ባሸነፉበት ግዛት።

የተሳሳተው ማን ወጥቶ ይመርጣል የሚለው ግምት ነው። ድምፁ የተሰጠው በፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ ቀን ነበር፤ በዚያ ቀን ደግሞ በተለምዶ የሚወጡት በዕድሜ የገፉ ሪፐብሊካኖች ናቸው። «ባለፈው ቅድመ ምርጫ መርጠሃል?» ብሎ የሚያጣራ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣውን ሰው ይጥላል። የግዛቱ ባለሥልጣን ከተመዝጋቢው 36 በመቶ ይወጣል ብለው ሲጠብቁ ግማሽ ያህሉ ወጣ፤ ከዶብስ ውሳኔ በኋላ አዲስ ከተመዘገቡት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ።

የጥያቄው አጻጻፍም ያደናግር ነበር። መብቱ እንዲቀር የሚፈልገው «አዎ»፣ እንዲቆይ የሚፈልገው «አይ» ማለት ነበረበት። በዋዜማው ትርጉሙን ገልብጠው የሚነግሩ የስልክ መልእክቶችም ተሠራጭተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥሩ ጠያቂ ጽሑፉን እንዳለ ያነብባል፤ ቀጥሎ «የእርስዎ ድምፅ መብቱን ያስቀራል ወይስ ያቆየዋል?» ብሎ መልሱን ያረጋግጣል።

«ደውለው ሲጠይቁኝ እውነተኛ ጥናት መሆኑን በምን ልወቅ?» (ከሲያትል)

እውነተኛው የድርጅቱን ስም ይናገራል፣ ስለ ዕድሜዎ፣ ስለ ትምህርትዎና ስለሚኖሩበት አካባቢ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ማመዛዘን አይችልምና። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ካርድ ወይም መዋጮ አይጠይቅም። «እገሌ ሕፃናትን ይገድላል ቢባሉ ይመርጡታል?» ዓይነት ሁለት ጥያቄ አቅርቦ ቶሎ የሚዘጋ ከሆነ ጥናት መስሎ የመጣ ቅስቀሳ ነው። ይዝጉት። ከእውነተኛው ጋርም ቢሆን አልመልስም ማለት መብትዎ ነው፤ አንድን ጥያቄ ብቻ ዘልሎ መቀጠልም ይቻላል።

«እንዲህ ያለ ጥናት እዚህ አገር ቢደረግ ያስኬዳል?» (ከአዲስ አበባ)

ያስኬዳል፤ ጥያቄው ግን ከአሜሪካ ተገልብጦ አይመጣም። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በመርሕ ጽንስ ማቋረጥን ይከለክላል፤ አንቀጽ 551 ደግሞ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ጽንስ፣ የእናት ወይም የልጅ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ፣ የማይድን ከባድ የጽንስ ጉድለት፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በዕድሜ ማነስ ልጁን ለማሳደግ አለመቻል። «ሕጋዊ ይሁን ወይስ ሕገ ወጥ?» ቢባል ብዙው መላሽ የአሁኑን ሕግ ሳያውቅ ይመልሳል። ስለዚህ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ ማንሳት ይሻላል።

ስለ ናሙናው፣ በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በኢትዮጵያ የሚሠራበት መንገድ ጥሩ መነሻ ነው፦ ወደ 2,400 ሰው፣ በየቆጠራ ቦታው ስምንት ሰው፣ በ300 ቦታ፣ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ፣ ቤት ለቤት። ሁለት ችግር ይጠብቃል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮችና የተፈናቀሉ ሰዎች በዝርዝሩ ላይ በትክክል አይገኙም። በጸጥታ ምክንያት የተዘለለ አካባቢ ካለም በሪፖርቱ መጻፍ አለበት። በስልክ ልጠይቅ ያለ ደግሞ ስልክ የሌላቸውን የገጠር ሴቶች አስቀርቶ ስለ ሴቶች ጉዳይ ሊያወራ ነው።

ቤት ውስጥ የሚያበላሸው አብሮ የሚቀመጠው ሰው ነው። አማት ወይም ባል አጠገቧ ሳሉ የምትመልሰው ለእነሱ ነው። ሴትን ሴት ትጠይቅ፤ ሌላ ሰው ሲገባ ወደ ገለልተኛ ጥያቄዎች መሸጋገር፣ ሲወጣ መመለስ። መጨረሻ ላይ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ማለትም ይጠቅማል፤ ቀበሌ ነው ያሉትን ለይቶ መልሳቸውን ከሌላው ጋር ለማስተያየት።

በግልጽ ለመናገር ለሚከብድ ጉዳይ ዝርዝር የሚባለው ዘዴ አለ። መላሾቹ በዕጣ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። ለአንዱ ወገን አራት ተራ ሐሳቦች፣ ለሌላው እነዚያው አራትና አምስተኛ ሆኖ አስቸጋሪው ይነበባሉ። ሁሉም «በስንቱ እስማማለሁ» ብቻ ይላሉ፤ በየትኛው እንደሆነ አይናገሩም። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 2.1፣ የሁለተኛው 2.4 ከሆነ ልዩነቱ 0.3 ነው፤ 30 በመቶው በአስቸጋሪው ሐሳብ ይስማማል ማለት ነው። አራቱ ተራ ሐሳቦች ግን ሁሉም የሚስማማባቸው ወይም ሁሉም የሚቃወማቸው መሆን የለባቸውም፤ አምስቱም ያለ ሰው ምስጢሩ ወጣ። ዋጋውም ውድ ነው፦ 2,400 ሰው ለሁለት ተከፍሎ በዚህ ዘዴ ቢጠየቅ ኅዳጉ ከ±2 ወደ ±7 አካባቢ ይሰፋል።